አሮጌ ኪንድል ለጥናት፦ ይገዛል ወይስ ይቅር?

ሦስተኛ ፎቅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አጭር ናት፣ ግን እንደምታጣላችሁ አውቃለሁ። ታሪክ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። የማነበው ሁሉ ፒዲኤፍ ነው። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ብዙው ስካን የተደረገ። ላፕቶፕ ላይ ሳነብ ማታ ማታ ዓይኔ ይቃጠላል። ስልክ ላይ ደግሞ ሁለት ገጽ ሳልጨርስ ጣቴ ቴሌግራም ከፍቶ ቁጭ ይላል። አሁን አንድ የሰፈሬ ልጅ አክስቱ ከአሜሪካ ያመጣችለትን ኪንድል ዲኤክስ (የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ) በ9 ሺህ ብር ልሽጥልህ አለኝ። ያ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ትልቁ፣ 9.7 ኢንቹ። ጭረት የለውም፣ መያዣ ቦርሳው ራሱ አለ። ለቁም ነገር ጥናት ይሆናል ወይስ ብሬን ልቀብር ነው?

ቻርጀር አበድሩኝ፦
ግዛው፣ ምን ትጠይቃለህ! እኔ ትንሹን ኪንድል 2 አራት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ አንድ ቀን አልከዳኝም። ስክሪኑ ወረቀት ነው የሚመስለው። ውስጡ በዓይን የማይታዩ እንክብሎች አሉ፣ እነሱ ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣት አለ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ በቃ እዚያው ይረጋሉ። ባትሪ የሚበላው ገጽ ስትገልጥ ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለህ ታነባለህ፣ ስልክህ ግን ፀሐይ ላይ የራስህን ፊት ነው የሚያሳይህ። ዲኤክስ ዋይፋይ የለውም፣ ቴሌግራም የለውም፣ ቲክቶክ የለውም። ለአንተ በሽታ መድኃኒቱ እሱ ነው። መብራት ጠፋ አልጠፋ ምን ገዶህ።

ፎቶ ኮፒ ይሻላል፦
ቆይ ቆይ። መብራት ጠፋ አልጠፋ ምን ገዶህ? ስክሪኑ አያበራም እኮ! ማታ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ፊደሉ ግን የት አለ? በሻማ ልታነበው ነው። በሻማ ካነበብኩማ ወረቀቴ ምን በደለኝ? የራሱ ብርሃን ያለው ኪንድል የመጣው በ2012 ነው፣ ይሄ ከዚያ በፊት የተወለደ ነው።

ቻርጀር አበድሩኝ፦
የግንባር ባትሪ ይግዛ። አንተ ደግሞ እንከን ፍለጋ።

ጋሽ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልጆች፣ እኔ ይህቺን ዕቃ ገና እንደወጣች፣ በ2009 ክረምት፣ 489 ዶላር ከፍዬ የገዛሁ ሰው ነኝ። ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። መጻሕፍቱ ትከሻዬን ጨርሰውት ስለነበር ያቺን ስስ ሰሌዳ ሳያት ከላይ የተላከችልኝ ነው የመሰለኝ።

ለንባብ ወርቅ ናት፣ አልዋሽም። ፓርኪንጉ በር ላይ ባለችው ኪዮስክ ቁጭ ብዬ ስንቱን ጨርሼባታለሁ። ለጥናት ግን ልንገራችሁ። ፈተና ሲደርስ መጽሐፍ እንዴት ነው የምትይዙት? አንድ ጣት ሠንጠረዡ ያለበት ገጽ ላይ ትሰካላችሁ፣ አንድ ጣት መልመጃው ላይ፣ አውራ ጣት ደግሞ መጨረሻ መልሱ ላይ፣ ከዚያ ወዲያ ወዲህ ነው። ኪንድል ላይ ጣት የሚሰካበት ቦታ የለም። ገጽ ስትገልጡ ስክሪኑ ጥቁር ብልጭ ይልና ነጭ ይሆናል፣ ጽሑፉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ልብ ወለድ ላይ ሰከንድ ምንም አይደለም። "ያ ነገር ሠላሳ ገጽ ወደ ኋላ ነበር መሰለኝ" ብላችሁ ፍለጋ ስትጀምሩ ግን፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ስትደርሱ ምን ልትፈልጉ እንደሄዳችሁ ጠፍቷችኋል።

ማስታወሻውማ አይወራ። ከታች ምስር የሚያካክሉ ቁልፎች አሏት፣ የግዕዝ ፊደል ግን የለም። አማርኛዬን በፈረንጅ ፊደል ነበር የምጽፈው። ከሁለት ወር በኋላ ሳነበው "በላ" ይሁን "ባላ" ይሁን "በለ" ይሁን እኔው ራሴ አላውቀውም። አንዷ ማስታወሻ እስከ ዛሬ አልተፈታችም።

ቤቲ ፉትኖት፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ደግሞ የእርስዎ ብቻ አይደለም። አማዞን ያኔ ዲኤክስን አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ አስሞክሮት ነበር። ፕሪንስተን፣ አሪዞና ስቴት፣ ሪድ ኮሌጅ፣ የቨርጂኒያው ዳርደን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ነበሩበት። ዳርደን ላይ "ለሚመጣው ዓመት ተማሪ ለትምህርቱ እንዲይዘው ትመክሩታላችሁ?" ሲባሉ ከመቶ ከ75 እስከ 80 የሚሆኑት አይሆንም አሉ። "ለግል ንባቡስ?" ሲባሉ ከመቶ 90 በላይ አዎ አሉ። ያው ሰው፣ ያው ዕቃ! ፕሪንስተን ላይ የወረቀት ኅትመት በግማሽ ገደማ ቀንሷል፣ ያንን አልክድም። ማስመርና ዳር ላይ መጫር ግን ተማሪዎቹን አማሯቸው።

ሦስተኛ ፎቅ፣ አንተ ዘንድ ግን የባሰ አለ። አማርኛ ታነባለህ። የድሮዎቹ ኪንድሎች የግዕዝ ፎንት የላቸውም፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ብትጭንበት ሣጥን ሣጥን ነው የሚደረድርልህ። ፒዲኤፍ ይሠራል፣ ምክንያቱም ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ፒዲኤፍ ግን ከስክሪኑ ጋር አይታጠፍም፣ ገጹ እንዳለ ነው የሚጠበው። ሒሳቡን ሥራው። ኤፎር ወረቀት ወርዱ 21 ሳንቲም ነው። የዲኤክስ ስክሪን ወርድ 14 ሳንቲም ገደማ ነው። ስለዚህ 12 የነበረው ፊደል 8 ይሆናል፣ 8 የነበረው የግርጌ ማስታወሻ ወደ 5 ይወርዳል። ትንሹ፣ ስድስት ኢንቹ ኪንድል ላይ ደግሞ 12ቱ ራሱ 5 ነው የሚሆነው። ጥራቱም በኢንች 150 ነጥብ ነው፣ የዛሬዎቹ 300 ናቸው። ለእንግሊዝኛ እንደምንም ያልፋል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው በትንሽዬ እግርና በትንሽዬ ቀለበት ነው። ስካን ሲሆን "ሉ" እና "ሊ"ን ለመለየት ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ ማንበብ ሊኖርብህ ነው። እኔ ሃምቡርግ ዶክትሬቴን ስጀምር ስድስት ኢንቹን ይዤ ነበር የገባሁት፣ በሦስተኛው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ቻርጀር አበድሩኝ፦
ቤቲ፣ ሒሳብሽ ልክ ነው፣ ግን ዕቃውን በቁሙ ብቻ ነው የለካሽው። ዲኤክስን ጎን ስታዞሪው ገጹም አብሮ ይዞራል። ያኔ ወርዱ 20 ሳንቲም ይሆናል። ኤፎሩን በልኩ አገኘሽው ማለት ነው! ግማሽ ግማሽ ገጽ ታነቢያለሽ፣ በቃ።

ቤቲ ፉትኖት፦
ይሄንን እቀበላለሁ። ረስቼው ነበር። ግማሽ ሳይሆን ከግማሽ በታች ነው የሚታይህ ግን። አንድ ገጽ ከሁለት እይታ ትንሽ ያልፋል።

ፎቶ ኮፒ ይሻላል፦
ከዚህ ሁሉ ጎን ማዞር፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ የግንባር ባትሪ... ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደህ አስጠርዘህ ትወጣለህ። ታሰምርበታለህ፣ ቡና ይደፋበታል፣ ለጓደኛህ ታውሰዋለህ፣ አይመልስልህም። ያ ነው መጽሐፍ!

ደግሞ የማንም ሰው እጅ አይገባበትም። 2009 ሐምሌ ላይ አማዞን ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ? ሰዎች የገዙትን የጆርጅ ኦርዌልን መጽሐፍ፣ የሸጠው አካል መብት አልነበረውም ብሎ ከየሰዉ ኪንድል ላይ ከሩቅ አጠፋው። ብሩን መለሰ፣ እሺ። ሚሺጋን ያለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ለትምህርቱ የጻፈው ማስታወሻ ነበረው። ማስታወሻው ቀረ፣ የተጻፈበት መጽሐፍ ሄደ። ከሰሰ፣ አማዞንም 150 ሺህ ዶላር ከፍሎ ተስማማ። የያኔው የአማዞን አለቃ ቤዞስ ራሱ ይቅርታ ጠይቋል። እኔ ደብተሬን የሚሰርቀኝ አይጥ ብቻ ነው።

ቻርጀር አበድሩኝ፦
ዛሬ ማንም ከሩቅ ሊያጠፋበት አይችልም እኮ። መስመሩ ራሱ የለም። ያ ዕቃ ይገናኝ የነበረው በሞባይል ኔትወርክ ብቻ ነው፣ የሚጠቀምበት 3ጂ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተዘግቷል።

ፎቶ ኮፒ ይሻላል፦
ታዲያ ይሄ መልካም ዜና ነው? ከ2025 የካቲት ወዲህ አማዞን የተገዛን መጽሐፍ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ በገመድ ማስተላለፉንም አቁሞታል። ስለዚህ ዲኤክስ ላይ አዲስ መጽሐፍ ከሱቁ የሚገባበት በር የለም።

ሦስተኛ ፎቅ፦
እኔ ከሱቁ ልገዛ አይደለም። ዶላሩ ከየት መጥቶ! የራሴን ፒዲኤፍ በገመድ መጫን ይቻላል አይደል?

ቻርጀር አበድሩኝ፦
ይቻላል። እንደ ፍላሽ ነው የሚከፈተው። 4 ጊጋ ነው፣ ለስካን ትንሽ ይጠብሃል እንጂ ይበቃል።

ዝምተኛው፦
ብዙ ጊዜ አልጽፍም፣ ዛሬ ግን አላስቻለኝም። ዓይነ ስውር ነኝ፣ የምታወሩትን የሚያነብልኝ ስልኬ ነው። ያ የዩኒቨርሲቲ ሙከራ ላይ ቤቲ ያላነሳችው ነገር አለ። ኪንድል 2 እና ዲኤክስ ጽሑፍ በድምፅ ያነባሉ፣ በእንግሊዝኛ። ደስ አይልም? ግን ማውጫው አይናገርም። መጽሐፉን ከፍቶ "አንብብ" የሚለውን መጫን የሚችለው የሚያይ ሰው ነው። ይሄ አሪዞና ላይ ክስ አስነሳ፣ 2009 ውስጥ፣ የዓይነ ስውራን ማኅበራት ነበሩ ከሳሾቹ። በ2010 ጥር በስምምነት አለቀ፣ ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶችም አንዳንዶቹ ዓይነ ስውር ሊጠቀምበት እስኪችል ለትምህርት አንጠቀምበትም አሉ። ለጥናት ይሆናል ስትሉ ለማን የሚለውን አስቀድሙ። ለእኔ ተራ ስልክ ከዚያ ዕቃ በአሥር እጥፍ ይበልጣል።

ቤቲ ፉትኖት፦
ይሄን ማንሳት ነበረብኝ። አመሰግናለሁ።

ጋሽ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እውነት ነው ልጄ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ገጽ ቁጥር። ከሱቁ በገዛሁት መጽሐፍ ላይ ገጽ የሚባል ነገር አልነበረም ያኔ። "ሎኬሽን" ነበር የሚለው፣ አራት አሃዝ። ጽሑፌን ሳስገባ ምንጩን "ሎኬሽን 2417" ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ በቀይ አክብባ "ይሄ የት ሰፈር ነው?" ብላ መለሰችልኝ። የገጽ ቁጥር የመጣው በ2011 ነው፣ እሱም አዳዲሶቹ ላይ። እኔ ያኔ ተመርቄያለሁ።

ቻርጀር አበድሩኝ፦
ሃሃሃ ጋሼ። ፒዲኤፍ ግን የራሱ ገጽ አለው፣ ለታሪክ ተማሪው ያ ችግር የለም።

ቤቲ ፉትኖት፦
ፒዲኤፍ ላይ ደግሞ ዲኤክስ አያሰምርም። ቢያንስ ሲወጣ አያሰምርም ነበር። አንዱን በአንዱ ነው የምትከፍለው። መጻፊያ ብዕር ያለው ቀድሞ ነበር እኮ፣ ሆላንዶቹ የሠሩት ኢሬክስ ኢሊያድ፣ 2006 ላይ፣ ዳሩ ላይ ትጭርበታለህ። ነገሩ የገባቸው እነሱ ነበሩ፣ ግን ውድ ነበር፣ ድርጅቱም በ2010 ከሰረ። ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ የምልህ፣ ገንዘብህን ሳትሰጥ ፋይሎችህን ይዘህ ሂድና እዚያው ሞክረው። እዚህ ስንከራከር ብናድር የአንተን ስካን አላየንም።

ሦስተኛ ፎቅ፦
ሄጄ መጣሁ! ልጁን ቡና ቤት አገኘሁት፣ ላፕቶፕና ገመድ ይዤ፣ አራት ፋይል ጫንኩበት።

የመጀመሪያው በኮምፒውተር የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጥናት ነው። በቁሙ ይነበባል፣ ትንሽ ዓይን ያጠባል። ጎን ሳዞረው ግን እውነት ለመናገር ልቤ ዘለለ፣ ወረቀት ነው ወረቀት! በረንዳ ላይ ፀሐይ ነበር፣ ስድስት ገጽ ሳላቋርጥ አነበብኩ፣ ልጁ ማኪያቶውን ጨርሶ ሁለተኛ አዘዘ። ስድስት ገጽ ሳላቋርጥ ካነበብኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

ሁለተኛው በአማርኛ የተተየበ የማስተርስ ጽሑፍ። ይሄም ጥሩ ነው፣ ፎንቱ ሳይበላሽ መጣ፣ ቤቲ እንዳለችው። ግን ጎን ሲዞር ቁጥሩ ላይኛው እይታ ላይ ነው፣ የግርጌ ማስታወሻው ሦስተኛው እይታ ላይ። ቁጥር ስድስት ምን ይላል ብዬ ልወርድ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ አነበብኩ፣ ልመለስ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። በአንድ ገጽ ላይ ሰባት ማስታወሻ አለ። ጋሼ ያሉት ጣት የሚሰካበት ቦታ ትዝ አለኝ።

ሦስተኛው የ1950ዎቹ ጋዜጣ ስካን ነው። እሱን ተዉት። ለመክፈት ራሱ አስጠበቀኝ፣ ሲከፈት ደግሞ ግራጫ ደመና ነው። ማጉላት ይቻላል፣ ግን ባጎላሁ ቁጥር ገጹ እንደገና ይሳላል፣ እኔም እንደገና እጠብቃለሁ። አራተኛውን አልሞከርኩም፣ ከሦስተኛው የባሰ ስለሆነ።

ማስመር አይቻልም፣ ሞከርኩት፣ እምቢ አለ። ልጁ ፊት ስነካካው ባትሪው ከሙሉ ትንሽ ነው የቀነሰው።

ፎቶ ኮፒ ይሻላል፦
ስለዚህ ከአራት ሁለት አለፈ። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት እንኳን ደህና መጣህ!

ሦስተኛ ፎቅ፦
አይ፣ እንደዚያም አይደለም። ለስብስቡ ሥራ፣ ማለቴ ለጋዜጣውና ለማስታወሻው፣ ላፕቶፑ ይቀጥላል። በየሳምንቱ አንብባችሁ ኑ ለምንባለው ለእንግሊዝኛው ክምር ግን ይሄን ዕቃ ወድጄዋለሁ። እሱ ብቻ ከሆነ ደግሞ 9 ሺህ አይገባውም። ስድስት አልኩት። ሰባት ተኩል አለኝ። ቦርሳውን አስቀርና ስድስት ተኩል አልኩት፣ አክስቴን ልጠይቅ ብሎ ሄደ።

ጋሽ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አክስትየው ምን አገባት? ከሰጠች ሰጠች!

ቻርጀር አበድሩኝ፦
ሰባት ድረስ ከሆነ ዝም ብለህ ውሰደው። ካልወሰድከው ደግሞ የልጁን ቁጥር በውስጥ መስመር ጣልልኝ።