ያገለገለ ካሜራ ስንት ፎቶ እንዳነሳ ከፋይሉ ማወቅ ይቻላል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ኒኮን ዲ750 ልገዛ ነው። ሻጩ አንድ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ዝርዝሩን ስከፍተው ባዶ ነው፤ የሌንሱ ስም እንኳን የለም። እሱ ግን «የመጨረሻው ፋይል ቁጥር 2314 ነው፤ ያነሳው ይህንኑ ያህል ነው» ይላል። ልመነው?

መልስ
ያንን ቁጥር እርሳው ወንድሜ። የፋይል ቁጥር 9999 ሲሞላ ከ0001 እንደገና ይጀምራል። ከሜኑም ወደ መነሻው መመለስ ይቻላል። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ፎቶ የተላከን ነገር ይጨምቃል፤ ሜታዳታውም (ካሜራው ፎቶው ፋይል ውስጥ የሚጽፈው መረጃ) አብሮ ይጠፋል። «እንደ ፋይል ላክልኝ» በለው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ያለፈ ሳይሆን ከሜሞሪ ካርዱ በቀጥታ የወጣ ይሁን። ጄፔግም ሮውም (ጥሬው ፋይል) ይሠራል።

ሲደርስህ ኤግዚፍቱል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈተው። ኮምፒውተርህ የሚያሳይህ የተለመደው ዝርዝር ካሜራው ያነሳውን የፎቶ ብዛት አያወጣም። ኒኮን የሚጽፈው «ሜከር ኖት» በሚባለው የራሱ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ «ሸተር ካውንት» የሚል መስመር ታገኛለህ፤ ሸተር ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው የካሜራው መጋረጃ ነው፣ ቁጥሩም ስንቴ እንደሠራ ይነግርሃል።

ሲሪያል ነምበሩንም አብረህ እይ። ካሜራው ሥር ከተጻፈው ጋር አመሳክረው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሸተር ካውንቱ አያንስም። የሌላ ካሜራ ፎቶ መላክ ምን ያስቸግራል? ሜታዳታ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ስለዚህ ስትገናኙ የራስህን ካርድ አስገባ፣ አንድ ፎቶ አንሳ፣ እሱን ክፈት። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ከሆነ ተወው።

ሌላ መልስ
ካኖን የምትገዙ ደግሞ ልብ በሉ። አብዛኞቹ የኢኦኤስ ካሜራዎች ቁጥሩን ፎቶው ላይ አይጽፉትም። ካሜራውን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል።

ጠያቂው
እንደ ፋይል ላከልኝ። 61,480 ይላል! ከ2314 ጋር ምን አገናኘው? አሁን ልግዛው ወይስ ልተወው?

መልስ
ቁጥሩ ብቻውን አያስፈራም። ኒኮን የዲ750ን ሸተር የፈተነው እስከ 150,000 ነው። ያ ማለት ግን ዋስትና አይደለም፤ ቀድሞ የሚሞትም፣ አልፎ የሚሄድም አለ። ቪዲዮ ይቀረጽበት እንደነበርም ጠይቀው። ለሰዓታት ቢቀረጽበት ሸተር ካውንቱ ላይ እምብዛም አይታይም።

በዲ750 ላይ ግን ከቁጥሩ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ኒኮን በ2015 የአንዳንዶቹ ሸተር ችግር እንዳለበት አሳውቆ ነበር። የፎቶው አንድ ክፍል ይጠቁራል። ኋላም ችግሩ ሊኖርባቸው የሚችሉትን ካሜራዎች ዝርዝር አሰፋው። በዚህ የተነካ ካሜራ ትንሽ ቢያነሳም አይድንም። ሲሪያል ነምበሩ እጅህ ላይ ነው፤ ኒኮን ድረ ገጽ ላይ ካለው ማስታወቂያ ጋር አስተያየው። ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ሸተሩ መጠገኑን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ።