ወንድሜ ዶርም ከገባ ወዲህ ኪኒኑን እየዘለለ ነው

ጥያቄ
ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ኤች አይ ቪ ሲወለድ ጀምሮ አብሮት አለ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ማታ 3 ሰዓት ላይ ኪኒኑን ከነውሃው የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። ለፋሲካ ሲመጣ ልብሱን ላጥብ ሻንጣውን ሳራግፍ ብልቃጡን አገኘሁት። ቆጠርኩ። 8 መቅረት ሲገባው 33 ፍሬ አለ። «ዶርም ስድስት ነን። ብልቃጡ ይንሿሿል። ማታ ደግሞ ሁሉም አልጋው ላይ ነው» አለኝ። ጮህኩበት። ከሄደ ጀምሮ ስልኬን አያነሳም። ምን ላድርግ?

መልስ፣ የ97ቷ
አይዞሽ እህቴ። እኔ ነፃው መድኃኒት በ1997 ሲጀመር ከወሰዱት ነኝ። ያኔ ጠዋትና ማታ ነበር። ሰዓቱ ምጣድ ላይ ከደረሰብኝ፣ አከራዬ እንዳያዩኝ ጀርባዬን ሰጥቼ በሊጥ እጄ እውጥ ነበር። ልጁ ፈርቶ ነው እንጂ ሰንፎ አይደለም። ሁለተኛ አትቁጠሪበት። አሁን እኮ በቀን አንድ ፍሬ ናት። ማታ 3 ሰዓት ያልሽው አንቺ ነሽ፤ የሱ ኪኒን ዶሉቴግራቪር የሚባለው የቫይረሱ መድኃኒት ያለባት ከሆነች ጠዋትም ትዋጣለች፣ ሳይበላም ትዋጣለች። እኔን ማታ ስውጣት እንቅልፍ ነስታኝ ወደ ጠዋት አዛወርኳት። ልጆቹ ቁርስ ሲወጡ ይዋጣት። ሰዓቱን ግን ራሱ ይምረጥ። ብልቃጡ ውስጥ ንጹሕ ጥጥ ይጠቅጥቅበት፣ ድምፁ ይጠፋል። ያቺን ማድረቂያ ከረጢት እንዳይጥላት ብቻ።

መልስ፣ ፋርማሲው
የካምፓስ ልጅ ጨጓራ አያጣውም። ነጩን የጨጓራ ሽሮፕ የሚጠጣ ከሆነ ዶሉቴግራቪርን በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዝበታል። ኪኒኑን ከሽሮፑ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይውሰድ። አንድ ቀን ከረሳ ትዝ ሲለው ይዋጥ፣ በማግስቱ ግን ሁለት እንዳይደርብ። 25 ፍሬ መዝለል ቀላል አይደለም። መድኃኒቱን የሚሰጡት ጋ ሄዶ በግልጽ ይንገራቸውና ቫይራል ሎዱን፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን፣ ይለኩት።

መልስ፣ 4ኛ ዓመት
እኔም እንደሱ ነኝ። የካምፓሱ ክሊኒክ የሚያውቁኝ ልጆች ስለማይጠፉበት ትራንስፈሬን፣ ማለትም የመድኃኒት ክትትል ማዛወሪያ ወረቀቴን፣ ከተማው ጤና ጣቢያ አስገባሁ። ከፈለገ እዚሁ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ጠያቂዋ
ስልክ እንቢ ሲለኝ በቴሌግራም «ሰዓቱን አንተ ምረጥ» ብዬ ጻፍኩለት። በሁለተኛው ቀን «ጠዋት 1:30» ብቻ ብሎ መለሰ። ጥጥ እዚያም አይጠፋም፤ እኔ ግን በአውቶብስ ላክሁለት።