ባነሩ ሊታተም ነው! «ሞር ቺፐር» ይባላል ወይስ አይባልም?

ጠያቂ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ወገን ቶሎ ድረሱልኝ። ማተሚያ ቤት ቆሜያለሁ። ልጁ «ሞር ቺፐር አይባልም» ብሎ ሥራውን አቁሞታል። እኔ ሁሌ ስሰማው ነው የኖርኩት። ማን ነው ልክ?

የሐረጎ ልጅ፦ ልጁ ልክ ነው። ሞርን አውጣው።

ሰኞ ገበያ፦ ቆይ፣ የምን ባነር ነው? ሙሉውን ጻፍልን እንጂ።

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ የፍራሽ ሱቅ ነው። «ሞር ቺፐር ፍሮም ኮምቦልቻ። ዘ ሞስት ቤስት ኳሊቲ። ዊ ዴሊቨር ሞር ፋስት።»

እናት ዓለም፦ ፍራሽ የሚገዛህ የኩታበርና የሐይቅ ሰው ነው። «ከኮምቦልቻ ይረክሳል» ብለህ በአማርኛ ብትጽፈው ምን አለበት?

ጠያቂ፦ ሱቁ የአጎቴ ነው። እንግሊዝኛ ካልሆነ አለ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ስህተቱ የመጣው ከአማርኛችን ነው። እኛ «ይበልጥ ርካሽ» ስንል ርካሽ የሚለው ቃል አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን አጭር ቃል ላይ «ኧር» ይቀጥላል፤ ቺፕ፣ ቺፐር። ረጅም ሲሆን ነው ሞር ከፊት የሚመጣው፤ ሞር ኤክስፔንሲቭ። ሁለቱን ከደረብክ «ይበልጥ ይበልጥ ርካሽ» እንዳልክ ቁጠረው። «ፍሮም»ም የኛው «ከ» ናት፣ እንዳለች የተሻገረች። ሲያወዳድሩ «ዛን» ነው የሚባለው። 30 ዓመት ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በዳስተር ያጠፋኋት ስህተት ናት።

የሐረጎ ልጅ፦ አልኩ እኮ፣ ሞርን አውጣው።

ሰኞ ገበያ፦ ሌሎቹም አሉ። ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት ነው፤ ቤስት ላይ ሞስት አይጨመርም። ፋስት ደግሞ ለቅጽልም ለተውሳከ ግሥም ያው ነው፣ ስለዚህ «ፋስተር» በለው። ኩዊክሊ ቢሆን ኖሮ ሞር ኩዊክሊ ትል ነበር።

የቆላው ሰው (ኮምቦልቻ)፦ «ኮምቦልቻ ኢዝ ሆተር ዛን ደሴ» ብለህ ጨምርበት፣ ሲጻፍ «ቲ» ሁለት ናት። ደግሞ ማን ነው ደሴ ፍራሽ ይረክሳል ያለህ? ና እኛ ጋ፣ ዋጋውን በዓይንህ እይ!

ጠያቂ፦ አላህ ይስጥልኝ መምህር። ልጁ «ቺፐር ዛን ኮምቦልቻ፣ ዘ ቤስት ኳሊቲ፣ ዊ ዴሊቨር ፋስተር» ብሎ አስተካክሎታል። አሁን አጎቴ በስልክ «ሞር ከሌለ ርካሽነቱ አይታይም» እያለኝ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ አብሽር ልጄ። ቁጥሩን በውስጥ ላክልኝና እኔ ላናግረው።

የሐረጎ ልጅ፦ እሺ፣ ታተመ?

ሰኞ ገበያ፦ ሰውየው የት ገባ?