የሽሮ ቤት ዓይነት ተጋቢኖ ቤት ውስጥ፦ ሽሮው ከየትኛው ባልትና? ድስቱስ?

ኮዬ ብሎክ፦ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ተጋቢኖ ቤት ሲሠራ ወይ ይጓጉላል ወይ ሙቅ ይመስላል፤ ገበታ ላይ ሳይደርስም መንተክተኩን ይተዋል። በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ በኩል ጥሩ ምጥን ሽሮ ያለው ባልትና የምታውቁ? የሸክላ ድስትስ? ምድጃዬ ኤሌክትሪክ ነው።

ሙያ በልብ፦ ቱሉ ዲምቱ አደባባዩ ጋ ያለችው ባልትና። ሌላ ቦታ አትድከሚ።

አያት፦ የአተር ነው የሽንብራ? በርበሬው ምን ያህል ነው?

ሙያ በልብ፦ ጥሩ ነው አልኩ። ሰልፉን ሄዶ ማየት ነው።

ገላን ኮንዶ፦ እዚያው አካባቢ ካለ አንድ ባልትና የተገዛ ሁለት ኪሎ ሽሮ በአሸዋ ምክንያት ተደፍቷል። ጥርስ ላይ ቅጭ ቅጭ ይላል። ሲነገራቸው «ከውሃሽ ነው» አሉ።

ጀሞ፦ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በስንት ቀኑ ነው፤ አሸዋ ለመሸከም ጊዜ የለውም።

ወፍጮ ቤት፦ ከውሃ አይደለም። የወፍጮ ድንጋይ በተወቀረ ማግስት መጀመሪያ የገባው እህል የድንጋይ ብናኝ ይዞ ይወጣል። ደህና ወፍጮ ቤት ከውቀራ በኋላ ጥቂት እህል ፈጭቶ ይደፋል፤ ስስታሙ ለደንበኛ ይሰጣል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ማንኪያ ሽሮ በብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ወዲያው ከላይ ከላይ ድፉት። ሥሩ ላይ በጣት ሲነካ የሚሻክር ነገር ከቀረ ተዉት።

ገላን ኮንዶ፦ ባለሱቁ ፊት ብርጭቆ ይዤ ልቁም?

ወፍጮ ቤት፦ ሩብ ኪሎ ገዝተሽ ቤትሽ ሞክሪ እንጂ ሁለት ኪሎ ምን አስቸኮለሽ።

አያት፦ ከአሸዋው ይልቅ የሚያሰጋኝ ሽሮው ውስጥ የሚደባለቅ ጓያ ነው። አዘውትረው ሲበሉት እግር ያሽመደምዳል፣ ዋጋው ግን ርካሽ ነው። እህሉ ጠርዛማ፣ መጥረቢያ መሳይ ስለሆነ ከሽንብራ ይለያል፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ እህሉን ገዝቶ ማስፈጨት። ለ5 ኪሎ አተር 1 ኪሎ ዛላ በርበሬ ይበቃል።

ሙያ በልብ፦ የአደባባዩዋ ጓያ አትነካም።

አያት፦ በምን አወቅሽ?

ሙያ በልብ፦ ደንበኛ ነኛ።

ሰሚት፦ ጥብስ ውሃ የሚያወጣው መጥበሻው ሳይግል ሥጋው በአንዴ ስለሚገለበጥ ነው። ግማሽ ኪሎውን ለሁለት ከፍላችሁ ጥበሱ፣ ጨው መጨረሻ ላይ።

ጀሞ፦ ስለ ጥብስ ማን ጠየቀ? ያውም በዓርብ!

ቁሌት፦ ኮዬ ብሎክ፣ ችግርሽ ባልትናው አይመስለኝም። ዱቄቱን ፍል ውሃ ላይ ስትነሰንሺው ውጩ ቶሎ ይበስልና ውስጡን ደረቅ እንዳለ ይዘጋዋል፤ ጉግሉ እሱ ነው። ሁለት ቀይ ሽንኩርት በጣም አድቅቀሽ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ቀጥሎ በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላይ፤ ከ15 ደቂቃ በታች ከሆነ ሽንኩርቱ ይሸታል። ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ። 4 ሙሉ ማንኪያ ሽሮ በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ፣ ቁሌቱ ላይ ከፈላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር እያማሰልሽ አፍስሺው። ከዚያ በቀስታ ይንተክተክ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር በላይ 2300 ሜትር ግድም ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ አሥር ደቂቃ ላይ ካወረድሽው ጥሬ ጥሬ ይላል። 20 ደቂቃ ስጪው። ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙን ሲወጣ ደርሷል፤ ቃሪያ ጣል አድርጊ። ቅቤ የምትጨምሪ ከሆነ ስታወርጂው ነው፤ አብሮ ከፈላ የኮሰረቱና የኮረሪማው ሽታ በእንፋሎት ይሄዳል።

ገበታ ላይ የሚያንተከትከው ሸክላው የያዘው ሙቀት ነው። ድስቱ ትንሽ ይሁን፣ ሽሮው ወፍራም፣ ሲሞላም እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ። በሰፊ ድስት ሠርተሽ ወደ ቀዝቃዛ ሸክላ ብትገለብጪው ዋጋ የለውም።

ወፍጮ ቤት፦ ሸክላ ቀጨኔ ሂጂ፣ ከሠሪዎቹ እጅ ትገዣለሽ። በጣት አንኳኪው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሌለው ስንጥቅ አለው። አጥበሽ፣ በደንብ አድርቀሽ፣ ውስጡን ዘይት ቀብተሽ በለሆሳስ እሳት ሁለት ሦስት ጊዜ አሟሺው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦው ባለበት ብቻ ስለሚያግል ሸክላ ይሰነጥቃል፤ በምድጃውና በድስቱ መሃል ወፈር ያለ ብረት ጣል አድርጊ። ባዶውን አታግዪ፣ የጋለ ድስት ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሺ።

ኮዬ ብሎክ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የተሟሸ ድስት በሳሙና ይታጠባል?

ወፍጮ ቤት፦ አይታጠብም፣ ሳሙናውን ይመጠዋል። በሙቅ ውሃ ብቻ።

ሙያ በልብ፦ ወደ አደባባዩዋ ባልትና ስትሄጂ በጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት ሽሮው ያልቅባቸዋል።