ከጨረር በኋላ የናዞፋሪንክስ ካንሰር መመለሱ በምን ይለያል?

የአባቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ናዞፋሪንክስ በሚባለው ቦታ ካንሰር ነበረባቸው። ጨረር ከጨረሱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። አሁን ኤምአርአይ ተነሱና ውጤቱ «ቀሪ ዕጢ ወይም በጨረር የመጣ ለውጥ ሊሆን ይችላል» ይላል። ሐኪሙ ቆይቶ ይደገም አሉ፣ እኔ ግን መጠበቁ ጨነቀኝ። ንፍጣቸው ላይም አልፎ አልፎ ደም አለ። ባዮፕሲ (ከቦታው ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ የሚደረግ ምርመራ) ይወሰድላቸው ብዬ ልወትውት?

ታክሜ የዳንኩ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኔም ያንኑ ጨረር ወስጃለሁ፣ ያው ቃል የእኔም ወረቀት ላይ ነበር፣ በኋላ እየጠፋ ሄደ። ጨረር ቦታውን ያሳብጠዋል፣ ያቆስለዋል፣ ቀስ እያለ ጠባሳ ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሄና ዕጢው ምስሉ ላይ ይመሳሰላሉ። ቁም ነገሩ ማወዳደሩ ነው። እየቀነሰ ከሄደ ጥሩ፣ እያደገ ከመጣ ግን ዝም አይባልም። ስለዚህ የድሮዎቹን ምስሎች በሲዲ ያዢ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ደሙ ቅርፊት ሲላቀቅም ይመጣል፤ ቢሆንም ለሐኪሙ ንገሪያቸው።

ነርሷ፦
በጨረር ክፍል ነው የምሠራው። ፔት ሲቲ (ካንሰር ያለበትን ቦታ አብርቶ የሚያሳይ ስካን) ካሰባችሁ ጨረሩ ካለቀ 12 ሳምንት ገደማ ይለፈው፤ ከዚያ በፊት ያልዳነው ቁስል ራሱ ካንሰር መስሎ ያበራል። በኢንዶስኮፒ (በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) መታየታቸውም የግድ ነው፣ ግን ከላይ ንጹህ ሆኖ ከሥር የሚያድግ ስላለ ኤምአርአይን አይተካም።

ቁርጡን የሚነግረው ባዮፕሲ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጨረር ያረፈበት ሥጋ ቶሎ አይድንም፣ በአጠገቡም ወደ አንጎል የሚሄደው ትልቁ የደም ሥር ያልፋል፤ በጥልቀት መቁረጥ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ደግሞ ናሙናው ከጎን ከተወሰደ «የለም» የሚለው ውጤት ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ትንሽ እንቆይ ማለታቸው ቸልተኝነት አይመስለኝም።

የአባቷ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ተነፈስኩ። በደም ምርመራ አይታወቅም?

ነርሷ፦
የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ዲኤንኤ የሚባል አለ፤ ከዚህ ካንሰር ጋር የተያያዘው ቫይረስ በደም ውስጥ የሚተወው ምልክት ነው። ከሕክምናው በፊት በደማቸው ታይቶ ከነበረ፣ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ መውጣቱ ማስጠንቀቂያ ነው፣ በተለይ ወደ አጥንት፣ ሳንባ ወይም ጉበት ለሄደ። እዚያው ቦታ ላይ የተመለሰ ትንሽ ዕጢን ግን ሊስት ይችላል፤ «ደሙ ንጹህ ነው» ተብሎ ስካን አይዘለል።

ታክሜ የዳንኩ፦
አንድ ልጨምር። አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ስለሆነ ቀጠሮ አታስቀሪ። አንገት ላይ አዲስ እብጠት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ፊት መደንዘዝ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት ካለ ቀጠሮውን አትጠብቂ። ብዙ ደም ከፈሰሳቸው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።