«ዳኞቹ አሁንም ውጭ ናቸው» ማለት ምን ማለት ነው?

ሐዲስ ተርጓሚ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ እንቁላልን በየቀኑ መብላት ልብን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚል የጤና ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ እየመለስኩ ሳለሁ «ዘ ጁሪ ኢዝ ስቲል አውት» የምትል ዐረፍተ ነገር አስቸገረችኝ። በረቂቄ ላይ «ዳኞቹ አሁንም ውጭ ናቸው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አርታኢዬ ግን ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «የት ሄደው?» ብለው መለሱልኝ። «ጉዳዩ በእንጥልጥል ላይ ነው» ብል ያስኬዳል?

የችሎት አስተርጓሚ፦
በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ስለማስተረጉም ይህችን «ውጭ» ከቅርብ አውቃታለሁ። ክርክሩ ሲያበቃ ጁሪዎቹ፣ ማለትም ነገሩን ሰምተው እንዲፈርዱ ከሕዝብ የተመረጡት ሰዎች፣ ከችሎቱ አዳራሽ ተነሥተው ለብቻቸው ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ፣ በሩም ይዘጋባቸዋል፤ ስለዚህ «ወጡ» የሚባሉት በገቡበት ሰዓት ነው። እኛ ኮሪደር ላይ ቡናችን ቀዝቅዞ ስንጠብቅ፣ ከዚያ ክፍል የሚመጣ ነገር ቢኖር ለዳኛው የተጻፈች ጥያቄ ያለባት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ናት። «እንጥልጥል» የሚለውን ግን ቢተዉት ይሻላል፤ እንግሊዝኛው «ሀንግ ጁሪ» ወይም «የተንጠለጠለ ጁሪ» የሚለው ሌላ ነው፤ መክረው መክረው መስማማት ያቃታቸውን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ለማለት የሁሉም ጁሪዎች ድምፅ አንድ መሆን አለበት ብሎ ከወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ በአሥር ለሁለት ይፈርዱ የነበሩት ሉዊዚያናና ኦሪገን ሳይቀሩ አንድ እምቢተኛ ብቻ ጉዳዩን ሊያንጠለጥልባቸው ይችላል። የእርስዎ ዐረፍተ ነገር ግን ምክሩ ገና አላለቀም ነው የሚለው።

ዘጎጃም፦
ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ሰው ይህን ነገር ከግእዝ ነው የሚጀምረው። ፈትሐ ማለት ፈታ ማለት ነው፣ ፈረደ ማለትም ነው፤ ፍትሕ የምንለው ቋጠሮ መፍታትን ነው። «ዘአሰርከ በምድር» (በምድር ያሰርኸው) የሚለውን የተማረ ሁሉ ያልተፈረደ ጉዳይ የታሰረ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ «ያልተፈታ ጉዳይ» ይበሉ። «እንጥልጥል» ጉሮሮ ላይ ካለችው እንጥል የመጣ ይመስለኛል፤ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ሳትል ተንጠልጥላ የምትቀር ናትና።

ወለተ ቅኔ፦
መምህር፣ እንጥል በልጅነታችን በወግ ዐዋቂ እየተቆረጠች አልነበረም እንዴ? እንደዚያ ከሆነ ውሳኔ ሁሉ በምላጭ ያልቃል ማለት ነው። ይልቅ «እንጥልጥል» ስንል ባለቤት አጥቶ፣ ተረስቶ የቀረ ነገር ነው የሚሰማን፤ ካሳ የሚጠብቅ ሰው «ጉዳዬ እንጥልጥል ላይ ነው» ሲል ሮሮ እያሰማ ነው። ሐኪሞቹ ግን ስለ እንቁላሉ እየመረመሩ ናቸው እንጂ አልረሱትም።

የሬጅስትራር ጸሐፊ፦
እኛ ዘንድ ጁሪ የለም፣ ቃሉ ግን አለ። ዳኛው መዝገቡን መርምሮ ለመፍረድ ጊዜ ሲፈልግ «መዝገቡ ለውሳኔ ተቀጥሯል» ይባላል፤ ሸንጎና ስብሰባ ላይ ደግሞ «በይደር ይያዝ»። ይደር ማለት ዛሬ አይቆረጥም፣ ሌሊቱን አድሮ ይታሰብበት ማለት ስለሆነ «ጉዳዩ በይደር ላይ ነው» የምትለዋ ትበቃዎታለች። መዝገቡም እስከዚያ በማህደር ያድራል።

ዘጎጃም፦
«ማኅደር» በብዙኃኑ ኀ ነው እንጂ በሃሌታው ሀ አይጻፍም፤ ኀደረ (አደረ) ካለው ነውና። የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንዲህ ከጻፈ ተሟጋቹ ምን ይበል!

የሬጅስትራር ጸሐፊ፦
እርማቱን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ተሟጋቹ ግን እስካሁን ስለ ኀ ይግባኝ ብሎ አያውቅም።

ወለተ ቅኔ፦
«ይደር» ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በይደር የሚይዝ ሰብሳቢ አለው፤ ቀኑን የሚቆርጥ፣ አጀንዳውን የሚያነሣ። የእንቁላሉን ነገር ማን ቀጠረው? እናቶቻችን ስለ ሰማዩም፣ ስለ በሽተኛውም፣ ስለ ጦርነቱም «ገና አልለየለትም» ይሉ የለም? ውሳኔው የማንም ሳይሆን ነገሩ ራሱ ወደ አንዱ ወገን እስኪያደላ መጠበቅ ነው።

የችሎት አስተርጓሚ፦
ያምራል፤ ነገር ግን «አልለየለትም» ውስጥ የሚመክር ሰው የለም፣ ጁሪው ደግሞ ይመክራል። በተጨማሪም «ለየለት» ስንል አበደ ማለት ስለሚሆን፣ ጥናቱ የተጠናቀቀ ዕለት ምን ብለን ልንጽፍ ነው?

ዘጎጃም፦
መምከር ካላችሁ አውጫጭኝን እንዴት ረሳችሁት? ሌባ ሲጠፋ የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከል ነበር። አውጣጣ ከሚለው ነው የመጣው፤ እነሆ የእንግሊዙ «አውት» በአማርኛም ተገኘ።

የችሎት አስተርጓሚ፦
በአውጫጭኝ የሚወጣው ነገሩ ነው፣ በጁሪ የሚወጡት ሰዎቹ ናቸው፤ አቅጣጫው ተገለበጠብዎት። መታገዱ ግን በእርግጥ ይመሳሰላል፤ እ.ኤ.አ. በ1670 በለንደን ዊልያም ፔን የተባለ የሃይማኖት ሰባኪ በተከሰሰ ጊዜ፣ ዳኞቹ የፈለጉትን ፍርድ አንሰጥም ያሉ ጁሪዎች ያለ ምግብ፣ ያለ መጠጥና ያለ እሳት ተዘግቶባቸው አድረዋል። ያኔ «በይደር» ማለት ረኀብ ነበር።

ሐዲስ ተርጓሚ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጽሔቱ ዛሬ ጠዋት ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ አርታኢዬ ዐረፍተ ነገሯን ሰርዘዋታል።

ዘጎጃም፦
አርታኢዎ ይሰርዙ፤ እኔ ስለ ኀደረ ገና አልጨረስኩም።