4ኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በብረት የታጠረ ቤት፦ እሳት ቢነሳ ምን ይቀድማል?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው፤ መውረጃው አንድ ደረጃ ብቻ። መስኮቶቹ በሙሉ ፍርግርግ ተበይዶባቸዋል፣ የብረቱን በር ማታ ከውስጥ በጓጉንቸር እንቆልፋለን። ሲሊንደርም የኤሌክትሪክ ምጣድም አለን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ ቶሎ አትወርድም። እሳት ማጥፊያ ልገዛ ነው፤ ባለ 1 ኪሎዋ ትበቃለች?

ሰባራ ባቡር፦
እህቴ፣ ከማጥፊያው በፊት ጓጉንቸሩን አንሺ። ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈት መቀርቀሪያ አስገጥሚ። እስከዚያው ቁልፉ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቀል፣ ከዚያ አይነሳ። ጭስ ሲሞላ መብራት ቢኖርም አይታይም፤ ቁልፍ የሚገኘው በዳበሳ ነው። ከፍርግርጎቹም ወደ መንገድ የሚያየውን አንዱን በያጅ ጠርቶ በማጠፊያ እንዲከፈት ማሰራት ይቻላል። ለመዝለል አይደለም፤ መሰላል ሲመጣ መውጫ እንዲሆን ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። እሳቱ እናንተ ቤት ከተነሳ ሁሉም ይውጣ፣ እሳት የያዘው ክፍል በር ይዘጋ፣ ለዕቃ ማንም አይመለስ። ጭሱ ከላይ ስለሚጀምር ወለሉ አካባቢ ለጥቂት ጊዜ የተሻለ አየር ይኖራል፤ ስለዚህ እየዳሃችሁ። እሳቱ ከታች ከሆነና ደረጃውን ጭስ ከሞላው ግን አትውረዱ! ደረጃ እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይስባል፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሰው መሃል ላይ ይቀራል። በሩን ዘግታችሁ ስሩን በእርጥብ ብርድ ልብስ ጠቅጥቁ፣ ወደ መንገድ ያለው ክፍል ግቡና የሱንም በር ዝጉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ፤ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅ፣ መኪናው የሚገባበትን በር ንገሩ። በመስኮት ነጠላ አውለብልቡ።

ሽቦና ብሬከር፦
ምጣዱን አትርሱት። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ባለ 10 አምፔር ዲቫይደር ላይ ከተሰካ ገመዱ ሊቀልጥ ነው። ከብሬከሩ በቀጥታ የራሱ መስመር ይዘርጋለት፣ 4 ስኩዌር (ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ በ20 አምፔር ብሬከር። ሶኬቱ ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ከሆነ ወይም ሲነቀል ሹካው ካቃጠለ ውስጡ ላልቷል፣ ይቀየር። ብሬከሩ ሲወርድ ሲወርድ ሰለቸን ብሎ በትልቅ መቀየር የታወቀ ጥፋት ነው፤ ሽቦው ይነዳል እንጂ ብሬከሩ አይወርድም። እሳት ከያዘ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ውሃ አይነካም።

ባለ ማንኪያው፦
ጋዝ ከሸተተ መብራት አታብሩም አታጥፉም፤ ሁለቱም ብልጭታ አላቸው። የሲሊንደሩን ጋዝ ዝጉ፣ የበረንዳውን በር ክፈቱ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ፍሳሹን የምትፈትሹት በሳሙና አረፋ ነው፣ በክብሪት የሚፈትሽ አሁንም አለ መቼም።

ዘይት ከነደደ ምድጃውን አጥፍታችሁ በብረት ክዳን ክደኑ፣ እስኪቀዘቅዝ አትግለጡ። ውሃ ከጨመራችሁ ከዘይቱ ስር ገብቶ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ 1 ሊትሩ ወደ 1,700 ሊትር ነው የሚሰፋው፣ የሚነደውን ዘይት ጣሪያ ድረስ ይበትነዋል።

ማጥፊያዋ፦ ባለ 1 ኪሎዋ የመኪና ናት፣ በጥቂት ሰከንድ ታልቃለች። ባለ 6 ኪሎ ዱቄት ውሰጂ፤ እሱም ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ነው። ፒኑን ነቅለሽ ከ2 ሜትር ያህል ርቀት የእሳቱን ስር ምቺ፣ ነበልባሉን አይደለም። የሚሰቀለው መውጫው አጠገብ ነው። ምድጃው ጎን ከሰቀልሽው ለማንሳት እሳቱ ውስጥ መግባት ሊኖርብሽ ነው።

የጀሞዋ፦
ጓጉንቸሩ ዛሬ ይነሳል። እርጥብ ፎጣ አፍ ላይ ማሰርስ ይረዳል?

ሰባራ ባቡር፦
ጥላሸቱን ጥቂት ይይዛል። ካርቦን ሞኖክሳይዱን ግን አያስቀረውም፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ፎጣ አሰርኩ ብሎ ጭስ ውስጥ የገባ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ያችው ፎጣ በበሩ ስር ብትጠቀጠቅ ይሻላል።